አዲስ የተጫነ ፖስትግሬስን ለኔትወርክ ከመክፈትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንደተረዳሁት ኡቡንቱ ላይ ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ጭነሃል፤ አፕሊኬሽንህ ያለው ሌላ ሰርቨር ላይ ስለሆነ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ አልተቀበለም) እያለ አስቸግሮሃል። አንድ ሰው ደግሞ «ሊስን አድሬስን ኮከብ አድርገው፣ ፒጂ ኤችቢኤ ፋይሉ ላይም ለ0.0.0.0/0 ትረስት ብለህ ጻፍ» ብሎሃል። ሊስን አድሬስ ዳታቤዙ በየትኛው የሰርቨሩ አድራሻ ጥያቄ እንደሚቀበል ይወስናል፤ ኮከብ ማለት በሁሉም ነው። ፒጂ ኤችቢኤ ማን ከየት መግባት እንደሚችል የሚወስነው ፋይል ነው፤ 0.0.0.0/0 ማለት ደግሞ ከየትኛውም አይፒ ማለት ነው። እባክህ ይህን አታድርግ። ግንኙነቱ እርግጥ ይሠራልሃል፤ ትረስት ግን ፓስወርድ ጭራሽ ስለማይጠይቅ፣ ፖርቱን (ፖስትግሬስ የሚሰማበትን የኔትወርክ በር፣ 5432) ያገኘ ሁሉ ሱፐርዩዘር (ሁሉን ማድረግ የሚችል ተጠቃሚ) ሆኖ ይገባል።

ጉዳቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰዎች ሰርቨራቸው ተንቀራፎባቸው ጠርተውኝ ቶፕን (የሚሮጡ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን ትእዛዝ) ስከፍት፣ ሲፒዩውን ጠቅልሎ የያዘው በፖስትግሬስ ዩዘር ስም የሚሮጥ፣ ከዳታቤዙ ጋር ምንም የማይገናኝ ፕሮግራም ነበር፤ ክሪፕቶ ማይነር (በሰው ማሽን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት)። ሰርጎ ገቦቹ የሱፐርዩዘሩን ቀላል ፓስወርድ ገምተው ነው የገቡት። ሱፐርዩዘር «ኮፒ ፍሮም ፕሮግራም» በሚለው ትእዛዝ ዳታቤዙ ውስጥ ሆኖ የሊኑክስ ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል። ስለዚህ አደጋው ለዳታህ ብቻ አይደለም፣ ለማሽኑም ጭምር ነው።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። ፖስትግሬስ ሲጫን የሚሰማው ሎካልሆስትን (ራሱን ማሽኑን) ብቻ ነው፤ ሪፊውዝድ ያለህም ለዚህ ይመስለኛል። ሊስን አድሬስ ላይ ሎካልሆስትን ሳታጠፋ የሰርቨሩን የውስጥ አይፒ ጨምርበት። ይህ ለውጥ ሪስታርት ይፈልጋል፤ ሪሎድ (ሳያጠፉ ቅንብሩን ብቻ እንደገና ማስነበብ) አይበቃውም።

ቀጥሎ ፒጂ ኤችቢኤ። የሚያስፈልግህ አንድ መስመር ነው፦ ሆስትኤስኤስኤል (ግንኙነቱ የተመሰጠረ ይሁን ማለት ነው)፣ የዳታቤዙ ስም፣ የዩዘሩ ስም፣ የአፕሊኬሽኑ ሰርቨር አይፒ ከ/32 ጋር (ያቺ አንዲት አይፒ ብቻ ማለት ነው)፣ መጨረሻ ላይ ስክራም ሻ 256 (ፓስወርዱ የሚረጋገጥበት ዘዴ)። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ፋይሉ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል፣ በዚያ መስመር ፓስወርዱ ቢወድቅ እንኳ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ከላይ የላላ መስመር ትተህ ከሥሩ ጥብቅ ብትጽፍ ዋጋ የለውም። እዚህ ሪሎድ ይበቃል፤ ፒጂ ኤችቢኤ ፋይል ሩልስ የሚባለውን ቪው ሰለክት ብታደርግ ደግሞ የተሳሳተ መስመር ካለ ያሳይሃል።

ፋየርዎሉ ላይም 5432ን ለዚያች አንድ አይፒ ብቻ ፍቀድ። ዳታቤዙን በዶከር ካስነሣኸው ግን ተጠንቀቅ፦ ዶከር የሚያወጣው ፖርት ዩኤፍደብልዩን (የኡቡንቱን ፋየርዎል) አልፎ ነው የሚሄደው፤ የዘጋኸው እየመሰለህ ክፍት ሊሆን ይችላል።

ለአፕሊኬሽኑ ሱፐርዩዘር ያልሆነ የራሱ ሮል (የዳታቤዝ ተጠቃሚ) ፍጠርለት። ከቨርዥን 15 ወዲህ ፐብሊክ ስኪማ (ቴብሎች በዲፎልት የሚቀመጡበት ክፍል) ላይ ማንም ተነሥቶ ቴብል መፍጠር አይችልም፤ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ሲመጣ ብዙዎች ተናደው ሱፐርዩዘር ይሰጡታል። መፍትሔው ማይግሬሽን (የቴብሎችን ቅርጽ መፍጠርና መለወጥ) ለሚያስኬደው ሮል የራሱን ስኪማ መፍጠር፣ ለአፕሊኬሽኑ ሮል ደግሞ ማንበብና መጻፍ ብቻ መስጠት ነው። ፖስትግሬስ ለሚባለው ሱፐርዩዘር ፓስወርድ አታውጣለት፤ ኡቡንቱ ላይ በሱዶ በፒር (በሊኑክስ ተጠቃሚ ስምህ፣ ያለ ዳታቤዝ ፓስወርድ) መግባት ይበቃሃል።

ሼርድ በፈርስ (ፖስትግሬስ ዳታ የሚይዝበት የራም መጠን) በዲፎልት 128 ሜጋባይት ነው፤ ማሽኑ ለዳታቤዙ ብቻ ከሆነ ከራሙ 25 በመቶ አካባቢ አድርገህ እለፈው። ባክአፑን ግን አታዘግየው። ፒጂ ደምፕ (የባክአፕ ትእዛዙ) አንድ ዳታቤዝ እንጂ ሮሎችንና ፓስወርዶችን አይዝም፤ እነሱን በፒጂ ደምፕኦል፣ ግሎባልስ ኦንሊ በሚለው ምርጫ ለብቻ አውጣ። ሁለቱንም ሌላ ማሽን ላይ መልሰህ ጫናቸውና አፕሊኬሽኑ በእርግጥ እንደሚነሣ እይ። ይህን ሳታደርግ እውነተኛ ዳታ አታስገባ።

ሁሉንም ስትጨርስ ካልፈቀድክለት ሦስተኛ ማሽን 5432ን ሞክር፤ መልስ ካገኘህ የሆነ ቦታ ክፍት ነው። ከአፕሊኬሽኑ ሰርቨር አሁንም እምቢ ካለህ፣ ፓስወርዱንና አይፒውን ሸፍነህ የፖስትግሬስ ሎግ የመጨረሻ መስመሮችን ለጥፍልን፣ አብረን እናያለን።