የአያት ዊንቸስተር ስንት ያወጣል?

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት፣ ከምላጩ ሥር ባለ ማንሻ የሚያጎርስ ዊንቸስተር ሞዴል 1894 አለኝ። ብረቱ ቡናማ ሆኗል፤ ሰደፉም ተጫጭሯል። ልሸጠው ሳስብ አንድ ወዳጄ «አስወልውለህ አዲስ ቀለም አስቀባው፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል» አለኝ። ልስማው?

መልስ፦ እባክዎ አይስሙት። ሰብሳቢ የሚገዛው ጠመንጃው ከፋብሪካ የወጣበትን ገጽ ነው፤ ያ ገጽ አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው ባለሙያ የለም። ቡናማው መልክ የቀድሞው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በዘመን ብዛት የተለወጠው ነው፤ ለዕድሜው ጤናማ ነው። ብረት የሚበላ ቀይ ዝገት ካዩ በቀጭን ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ያስታግሱት። የብርጭቆ ወረቀትና የሽቦ ብሩሽ አጠገቡ አይድረሱ።

ከሁሉ አስቀድመው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ጥይት የሚቀመጠው ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋው ቱቦ ውስጥ ስለሆነ አንዱ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ካልለመዱት ባለሙያ ይክፈትልዎ።

ቀጥሎ ከብረት አካሉ ሥር የተቀረጸውን ተከታታይ ቁጥር ይመዝግቡ። ይህ የጆን ብራውኒንግ ንድፍ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ስለዚህ ስሙ ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። ዘመኑ ግን ይለየዋል። ፋብሪካው በ1964 ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ስለለወጠ ሰብሳቢዎች ከዚያ በፊት የተሠሩትን አጥብቀው ይፈልጋሉ። እስከ 1898 የተሠራ ከሆነ ደግሞ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ መሣሪያ ይቆጠራል። ስምንት ማዕዘን አፈሙዝ፣ አጭር የጥይት ቱቦ ወይም ለሁለት የሚፈታ አካል ካለው በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ከፍ ይላል።

አሁን ማጉያ መነጽር ይያዙ። ዋናው ምርመራ እዚህ ነው። በአፈሙዙ ላይ ያሉት ፊደሎች ጥርት ብለው ካልታዩ፣ የአካሉ ጠርዞች ከዶለዶሙ፣ የብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያቸው ከሰረጎደ፣ ከርስዎ በፊት አንድ ሰው ወልውሎታል ማለት ነው። እንጨቱንም በጣትዎ ይዳስሱ፤ ፋብሪካው ከብረቱ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይተወው ነበር፤ ዝቅ ብሎ ካገኙት ተፍቋል። የብሎኖቹ ጭንቅላት በካቻቢቴ ከተበላሸ ያልሆነ እጅ ከፍቶታል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በመሰርሰሪያ የተበሳ አካል ነው። የድሮው 94 ባዶ ቀለሁን ወደ ላይ ስለሚተፋ፣ የማነጣጠሪያ መነጽር ለመግጠም ሲሉ ጎኑን የበሱት ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ቀዳዳ፣ ቢደፈንም፣ ዋጋውን ክፉኛ ይጥለዋል። የተቆረጠ ሰደፍም እንዲሁ።

ከ1905 አጋማሽ ወዲህ የተሠራ ከሆነ በአፈሙዙም በአካሉም ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ደብልዩና ፒ ፊደሎችን ይፈልጉ። በአንዱ ላይ ብቻ ካገኙት አፈሙዙ ተለውጦ ይሆናልና ባለሙያ ያሳዩት። ከዚያ በፊት በተሠራው ላይ ምልክቱ አለመኖሩ ጉድለት አይደለም።

ቁጥሩ ከቀደምቶቹ ከሆነ በዋዮሚንግ ግዛት የሚገኘው የኮዲ የጦር መሣሪያ ሙዚየም ከፋብሪካው መዝገብ አመሳክሮ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ክፍያ ቢጠይቅም ያዋጣል። ዋጋ ሲያጣሩ ሻጮች የጠየቁትን ትተው በጨረታ የተከፈለውን ይመልከቱ፤ ያወዳድሩትም በዘመን፣ በጥይት ዓይነትና በይዞታ ከርስዎ ጋር ከሚቀራረብ ጠመንጃ ጋር ይሁን። ለገምጋሚ የሚልኩትን ፎቶ በቀን ብርሃን ያንሱት፤ ጉዳት ያለበትን ጎን ጭምር።