ክሪሚናል ጀስቲስ ተምሮ ፖሊስ መሆን፦ ከሚኒሶታ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ሌሊት ከፈረቃ ስወጣ ነው። በዲቪ ከመጣሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ ብሩክሊን ፓርክ ነሽ፣ ማታ ማታ መጋዘን ትሠሪያለሽ፣ ፖሊስ መሆን ትፈልጊያለሽ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ ክሪሚናል ጀስቲስ (የወንጀል ፍትሕ) ብትማሪ ያዋጣሽ እንደሆነ፣ ግሪን ካርድሽና አክሰንትሽ ያግዱሽ እንደሆነም ጠይቀሻል።

"ዲግሪ ምን ያደርግልሻል፣ ቀጥታ ፖሊስ አካዳሚ ግቢ" ብሎ የመለሰልሽ ወንድም አልዋሸም፤ ግን እሱ ያለው ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች ሃይስኩል የጨረሰ ሰው ቀጥረው ደሞዝ እየከፈሉ ያሠለጥናሉ። እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ፖሊስ የሚሆን ሰው እንደ ነርስ ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ያወጣል፤ ላይሰንሱን የሚሰጠው በ1977 የተቋቋመው ፖስት ቦርድ ነው፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዲግሪም ይጠይቃል። ስለዚህ ለኛ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ዋናው በር ነው።

ግን በሩ ሁለት ነው፣ እኔም መጀመሪያ የገባሁት በተሳሳተው ነበር። ኮሌጄ ስመዘገብ አድቫይዘሯን "ፖሊስ መሆን እፈልጋለሁ" አልኳት። እሷም ፈገግ ብላ "ክሪሚናል ጀስቲስ" የሚለው ላይ አስገባችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ማረሚያ ቤት፣ ስለ ወንጀል መንስኤ ተማርኩ። ጥሩ ትምህርት ነው፣ አልጠላሁትም። በሁለተኛው ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛዬ "ፖስት ኮርሶችህን መቼ ነው የምትወስደው?" ሲለኝ ነው የነቃሁት። እኔ የያዝኩት ፕሮግራም ለላይሰንስ ፈተና አያስቀምጥም! ለፈተና የሚያስቀምጠው ፖስት ያጸደቀው፣ ብዙውን ጊዜ "ሎው ኢንፎርስመንት" (ሕግ ማስከበር) ተብሎ የተለየው መስመር ነው። ተሻገርኩ፤ ግን አንድ ሴሚስተር ከገንዘቡ ጋር ሄደ። በቅርባችን ሴንቸሪ፣ ኢንቨር ሂልስ፣ ኖርማንዴልና ሄኔፒን ቴክኒካል አሉ። የትኛውም ጋ ስትሄጂ "ይህ ፕሮግራም ስጨርስ ለፖስት ፈተና ያስቀምጠኛል ወይ?" በይና መልሱን በኢሜይል አስጽፊያቸው። በቃል የተነገረሽን አትመኚ።

ከክፍል ትምህርቱ ሌላ የድንገተኛ ሕክምና እርዳታ ሰርተፊኬትና "ስኪልስ" የሚሉት አለ፦ ተኩስ፣ መኪና መንዳት፣ ሰው መያዝ፣ ወንጀል የተፈጸመበትን ቦታ መጠበቅ። ይህን ሁሉ ጨርሰሽ ፈተናውን ስታልፊም ገና ፖሊስ አይደለሽም። የሚሰጥሽ ላይሰንስ የማግኘት ብቁነት ነው፣ የሚቆየውም ሦስት ዓመት ነው። ላይሰንሱ የሚወጣው አንድ መሥሪያ ቤት ሲቀጥርሽ ብቻ ነው።

ከትምህርቱ ሁሉ የጠቀመኝ ሪፖርት አጻጻፍ ነው። መምህራችን ጡረታ የወጣ መርማሪ ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አስመስሎ አሳየንና "ጻፉ" አለን። እኔ "ሰውየው በጣም ተቆጥቶ ነበር" ብዬ ጻፍኩ። በቀይ ሰርዞ "ቁጣ ዓይንህ አያይም፤ ምን አየህ?" አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ፦ ቡጢውን ጨብጧል፣ ድምፁ ኮሪደር ድረስ ይሰማል፣ ወንበሩን በእግሩ ገፍቷል። "አሁን ፍርድ ቤት ይዘኸው መግባት ትችላለህ" አለኝ። እንግሊዝኛሽ እንደ ተወላጅ ባይሆን አትጨነቂ፤ በአጭር ዓረፍተ ነገር ያየነውን ብቻ መጻፍ እኛንም ያዋጣናል። አክሰንቱ የሚያስቸግረው ሬዲዮ ላይ ነው። እኔ ወደ ሥራ ስነዳ ከፊቴ ያለውን መኪና ታርጋ በሬዲዮ ፊደል፣ ማለትም እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ቃል እየጠራሁ፣ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ስድስት ወር ተለማመድኩ። ትራፊክ መብራት ላይ ያየኝ ሁሉ ያበደ መስሎት ይሆናል።

ግሪን ካርድን በተመለከተ፣ ከ2023 ጀምሮ የስቴቱ ሕግ ዜጋ ላልሆነ ግን በሕግ መሥራት ለሚችል ሰውም በሩን ከፍቷል። ኤፍቢአይን የመሰለ የፌዴራል ሥራ ካሰብሽ ግን ዜግነት ግድ ነው። በአምስት ዓመትሽ ማመልከትሽ አይቀርም፣ እስከዚያ ትምህርቱን ትጨርሻለሽ።

ክፍያው እንደምትፈሪው አይደለም። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) መሙላት ትችያለሽ። ከ2024 መኸር ጀምሮ ደግሞ የቤተሰብ ገቢው ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ የሚኒሶታ ነዋሪ በመንግሥት ኮሌጆች የትምህርት ክፍያው በኖርዝ ስታር ፕሮሚስ ይሸፈንለታል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ ከአገር ቤት ቢኤ ይዘሽ መጥተሻል? ከሆነ ፔል ግራንቱም (የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ) ኖርዝ ስታሩም አይመለከቱሽም፣ ሒሳቡ ሌላ ይሆናል።

አሁን ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ። እኔን መጀመሪያ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት የጣለኝ በውጤት አይደለም። ኡበር ስነዳ ሦስት የፍጥነት ትኬት ነበረብኝ፤ ሁለቱን ማመልከቻው ላይ ጻፍኩ፣ አንዱን "ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ምን ያደርጋል" ብዬ ተውኩት። የአመልካቾችን የኋላ ታሪክ የሚያጣራው መርማሪ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ በጣቱ አሳየኝ። "ትኬቱ ችግር አልነበረም" አለኝ፣ በቃ። የጣለኝ መደበቄ ነው። ሌላ ቦታ እስክቀጠር ዓመት ፈጀብኝ። ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ግዢና የኖርሽበትን አድራሻ ሁሉ፣ የሠራሽበትን ቦታና አለቃ፣ እያንዳንዱን ትኬት ከነቀኑ ጻፊ። የተባረርሽበት ሥራም ካለ ይጻፍ። የልደት ቀንሽንም አስቢበት፦ የስምንተኛ ክፍል ካርዴ ላይ 1983፣ ፓስፖርቴ ላይ 1991 ነበር፣ መርማሪው በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው የሆንኩ መሰለው። የዘመን አቆጣጠራችንን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ለቪዛ ያወጣሽውን የፖሊስ ማስረጃ ኮፒም አትጣይ።

እናቴ ግን ከመርማሪው የከበደች ነበረች። "ፖሊስ? ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?" ነው ያለችኝ። እሷ በዕድሜዋ ያየችው ፖሊስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁና አልተከራከርኳትም። እዚህም ከግንቦት 2020 በኋላ፣ ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ ወዲህ፣ ዩኒፎርሙን የሚያዩበት ዓይን አንድ ዓይነት አይደለም፣ በአፓርታማሽ ውስጥም ፊት የሚነሳሽ አይጠፋም። ይህን መሸከም እንደምትችዪ አሁኑኑ ራስሽን ጠይቂ።

ከመመዝገብሽ በፊት ራይድ አሎንግ ውጪ፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ቅጽ ሞልተሽ ከፖሊስ ጋር አንድ ፈረቃ እንድትዞሪ ይፈቅዳሉ። የእኔ የመጀመሪያው አስር ሰዓት ነበር፤ ፖሊሱ አብዛኛውን ሰዓት መኪናው ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ሲጽፍ አመሸ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሮጥን፣ እሱም የጠፋ ውሻ ሆኖ ተገኘ። ይህን አይተሽ አሁንም ካማረሽ፣ ተማሪ ሆነሽ የምትሠሪውን የኮሚኒቲ ሰርቪስ ኦፊሰር ሥራ ፈልጊ። እኔ ሁለት ዓመት ሠርቼዋለሁ። መሣሪያ የለውም፣ የተበላሸ መኪና ማስነሳት፣ የቆመ መኪና መቅጣት፣ የጠፋ ንብረት መመዝገብ ነው፤ ግን ኋላ የቀጠሩኝ እዚያው ያዩኝ ሰዎች ናቸው።

ማክሰኞና ረቡዕ ቀን እረፍት ነኝ። የኮሌጁን የፕሮግራም ገጽ ስታገኚ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ኮርስ በኮርስ አብረን እናየዋለን።