«የጄት ፍሰት» ወዴት ሄደ?

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በተረጎምኩት ጽሑፍ ውስጥ «በዓለም ሙቀት መጨመር የተነሳ የጄት ፍሰቱ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የአውሎ ነፋስ ሃዲዶችም ወደ ሰሜን ተሰደዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ልጆቹ ግን የአውሮፕላን ጭስ መሰላቸው። ምን ብል ይሻላል?

መልስ፦ ልጆቹ አይፈረድባቸውም። በአማርኛ «ጄት» ሲባል ሰው ቀና ብሎ የሚፈልገው አውሮፕላን ነው። የጄት ፍሰት ግን በከፍታ ላይ የሚነፍስ ጠባብና ፈጣን ነፋስ ነው። ስያሜውም ከአውሮፕላን ጋር ዝምድና የለውም፤ ሃይንሪሽ ዛይልኮፍ የተባለ ጀርመናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ በ1939 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው፣ የተጠቀመበት ቃል ተስፈንጥሮ ለሚወጣ ፈሳሽም የሚነገር ነው። ነፋሱን ራሱን ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦይሺ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ ደርሶበት ነበር። ግኝቱን ያሳተመው ለዓለም አቀፍ መግባቢያ ተብሎ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስለነበር ከአገሩ ውጭ ልብ ያለው ሰው እምብዛም አልነበረም። በቋንቋ ምርጫ እንዲህ የተጎዳ ሳይንቲስት አላውቅም።

እኔ «የነፋስ ጅረት» እላለሁ። ጅረት ትንሽ ወንዝ ነው፣ ይህ ነፋስ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አንዳንዴ በሰዓት እስከ 400 ኪሎ ሜትር ይከንፋል ብለው ይሞግቱኝ ይሆናል። ቢሆንም ጠባብነቱን፣ ዳርቻ ያለው መሆኑንና መጠማዘዙን በአንድ ጊዜ የሚይዝልን ሌላ ቃል አላገኘሁም። ባለሙያዎች «ጄት ስትሪም» ስለሚሉት መጀመሪያ ሲጠቅሱት ሁለቱንም ያስቀምጡ። «ሃዲድ» ለባቡር ይቅር። «አውሎ ነፋስ»ም አንባቢን ወደ ካሪቢያን ሃሪኬን ይወስደዋል፤ በመካከለኛ ኬክሮስ ዝናብና ነፋስ ቀላቅሎ ለሚመጣው «ወጀብ»፣ ለሚጓዝበትም «የወጀብ መንገድ» ይበቃል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን አቅጣጫው ነው። «ወደ ላይ» ሲሉ ከፍታን ነው ወይስ በካርታ ላይ ሰሜንን? በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ትርጉም ይሰጣል፤ ምድር ስትሞቅ የታችኛው የከባቢ አየር ንብርብር ጣሪያው ከፍ ስለሚል ጅረቱም አብሮት ከፍ ይላል። «ወደ ሰሜን» ደግሞ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ፍጹም ተቃራኒው ነው። ለሁለቱም የሚያገለግለው «ወደ ዋልታ» ነው። ኬፕታውንን ያስቧት። ዝናቧን በአብዛኛው የምታገኘው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከምዕራብ ከሚመጣ ወጀብ ነው። ያ ወጀብ ወደ ደቡብ ዋልታ ሲያዘነብል ከተማዋን ሳይነካ በባሕር ላይ ያልፋል። ከ2015 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ዝናቡ በተከታታይ አንሶ፣ በ2018 ነዋሪው በቀን በ50 ሊትር ውሃ እንዲኖር ታዟል። እንዲህ ላለው ድርቅ ዕድሉን የምድር ሙቀት ከፍ እንዳደረገው ጥናቶች ያሳያሉ።

«ተሰደዋል»ም ከብዷል፤ ስደት አገር ለቆ መሄድ ነው። እዚህ የሚስማማው «ፈቀቅ ማለት» ነው። የግሱም ጊዜ ይታሰብበት። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ለውጡ በልኬት ስለታየ «ፈቀቅ ብሏል» ማለት ይቻላል። (እነዚህን ወራት «በጋ» ብለው አይለፏቸው፤ ለእኛ በጋ ደረቅ ወቅት ነው እንጂ የግድ ሞቃቱ አይደለም።) በሰሜን ግን ነገሩ ገመድ ጉተታ ነው። ጅረቱን የሚነዳው በምድር ወገብና በዋልታ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። በምድር ገጽ አጠገብ አርክቲክ (የሰሜን ዋልታ አካባቢ) ከሌላው ዓለም እጅግ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ልዩነቱ ይጠባል፤ ይህም ጅረቱን ወደ ምድር ወገብ ይጎትተዋል። በከፍታ ላይ ደግሞ የምድር ወገብ አካባቢ አየር ይበልጥ ስለሚሞቅ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ይህም ወደ ዋልታ ይገፋዋል። ስለዚህ ለሰሜኑ የወደፊት ጉዞ «ፈቀቅ ሊል ይችላል» ይበሉ።

የደቡቡን ለውጥ ለሙቀት ብቻ መስጠትም ልክ አይሆንም፤ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደን የኦዞን ንብርብር መሳሳት ትልቅ ድርሻ አለው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «የምድር ሙቀት መጨመርና የኦዞን መሳሳት ተጋግዘው በደቡብ ንፍቀ ክበብ የነፋስ ጅረቱንና የወጀቡን መንገድ ወደ ዋልታው ፈቀቅ አድርገዋቸዋል፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ግን ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ስለሚጎትቱት ወደፊት የቱን ያህል እንደሚፈቅ አልለየም።»