ደም ግፊት ያለበት አባት እንጦጦ ይሩጥ ወይ? ለጠየቅሽው እህት

እህቴ ሰላም ነሽ? «አባቴ 61 ዓመቱ ነው፤ የግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ ስፖርት ሠርቶ አያውቅም። ጓደኞቹ እሁድ እሁድ እንጦጦ እንሩጥ ብለውታል፤ ልቡን ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?» ያልሽውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሐኪም አይደለሁም። የልብ ደም ስሬ ጠቦ ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የተደረገልኝ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ በሐኪሜ ክትትል እንቅስቃሴ አላቋረጥኩም።

አባትሽ ይንቀሳቀሱ፤ በጣም ይጠቅማቸዋል። ግን በሩጫ አይጀምሩ፣ በዳገት ደግሞ ጭራሽ። ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ ሰው ድንገት በኃይል ሲሮጥ ነው ልቡ አደጋ ላይ የሚወድቀው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ አናቱ ላይ ከ3,000 ያልፋል። እዚያ ኦክስጅኑ ሳስቶ፣ ዳገቱ ተጨምሮ፣ ጓደኛ ደግሞ «በርታ!» ሲል ማንም ከአቅሙ በላይ ይሄዳል።

መጀመሪያ ግፊታቸው በተለያየ ቀን፣ አረፍ ብለው ተቀምጠው ይለካ። የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ ስፖርቱ ይቆይና መድኃኒቱ ይስተካከል። ስኳር ካለባቸው ወይም ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምርመራ)፣ ካስፈለገም ትሬድሚል ላይ እየተራመዱ የሚደረገውን ምርመራ ያዝላቸዋል። አንድ ነገር አደራ፦ እኛ አገር የደረት ሕመም ሁሉ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሲራመዱ መጥቶ ሲያርፉ የሚተዋቸው ከሆነ ጨጓራ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

ከዚያ በኋላ በሜዳ መንገድ እርምጃ ይጀምሩ። መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ፣ 30 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን እስኪደርሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እዚህ ላይ ይሞላል። እሁድን ብቻ ጠብቆ ራስን ከመግደል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻላል።

ፍጥነቱን በምን ይወቁ? ብዙ ሰው 220 ሲቀነስ ዕድሜ እያለ የልብ ምቱን ያሰላል። አባትሽ አቴኖሎል ወይም ቢሶፕሮሎል ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ምቱን መድኃኒቱ ስለሚያዘገየው ስሌቱ አይሠራም። እኔ ጠዋት ስራመድ አባታችን ሆይን ድምፄን አውጥቼ እላለሁ። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስደርስ ትንፋሼ ከተቆራረጠ እርምጃዬን እቀንሳለሁ። ሳልቸገር መዝሙር መዘመር ከቻልኩ ደግሞ ቀርፋፋ ነኝ ማለት ነው፣ ፈጠን እላለሁ። ማውራት የሚያስችል፣ መዘመር ግን የማያስችል እርምጃ ለልብ ልኩ ነው። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

መስቀል አደባባይ ከሄዱ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ከመሮጥ በእርከኑ ላይ በርዝመቱ ይራመዱ። ሲጀምሩ 5 ደቂቃ በዝግታ፣ ሲጨርሱም እንዲሁ። ላባቸው እየወረደ ድንገት ቀጥ ብለው መቆም የለባቸውም፤ ደሙ እግር ላይ ይቀርና በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድን ሰው ያዞረዋል።

በጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም ብለሻል። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ከሆነ የሚወስዱት፣ በባዶ ሆድና ውኃ ሳይጠጡ መራመዱ ሊጥላቸው ይችላል። በጾም ወራት ከበሉና ከጠጡ በኋላ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይተው፣ ወደ ማታ ይራመዱ። የመድኃኒቱን ሰዓት ራሳቸው እንዳይቀያይሩ፣ ሐኪሙን ይጠይቁ።

በሳምንት 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ ይሠራ። ጂም አያስፈልግም፤ ከወንበር እጅ ሳይደግፉ 10 ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ፣ ግድግዳ በእጅ መግፋት፣ ውኃ የሞላ ሃይላንድ ማንሳት ይበቃል። ትንፋሽ አምቆ ማንሳት ግን ግፊትን ሽቅብ ይሰደዋል፤ ድምፅ አውጥተው ከቆጠሩ ትንፋሻቸውን ማመቅ አይችሉም።

ደረታቸውን ከጫናቸው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ብርድ ላብ ካላባቸው፣ ካዞራቸው ወዲያው ይቁሙ። አርፈው ካልተዋቸው ሆስፒታል ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ብቻቸውን አይሂዱ፣ ስልክም ይያዙ።

ይህን ለምታነቡ ወላጆችም፦ በልጅነቱ ጉሮሮውን አሞት መገጣጠሚያው ያበጠ ወይም በዚህ ሕመም ምክንያት የወር መርፌ (ፔኒሲሊን) የሚወጋ ልጅ ካላችሁ፣ ሕመሙ ልብንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ «ወጣት ነው» ብላችሁ ኳስ ሜዳ ከመስደዳችሁ በፊት የልቡ ቫልቭ በአልትራሳውንድ ይታይ።

እንጦጦን ደግሞ አባትሽን አትከልክያቸው፤ ጓደኛ ያለው ሰው ነው ስፖርቱን የማያቋርጠው። በሜዳ 30 ደቂቃውን ሳይቸገሩ ለሁለት ወር ያህል ከሄዱ በኋላ፣ በመኪና ወጥተው ፓርኩ ውስጥ ረባዳውን መርጠው በእግር ይሂዱ። ጓደኞቻቸው ይሩጡ፤ ሩጫቸውን ጨርሰው ሲመለሱ አባትሽ ይቀላቀሏቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ብትጽፊልን ደግሞ እዚህ ያሉት ባለሙያዎች ከእኔ የተሻለ ይነግሩሻል።