መድኃኒቱ የሚያመልጠው በየትኛው ሰዓት ነው?

ስለ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን እንመልሳለን። የሦስቱም ታካሚዎች በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠውን፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶልቴግራቪርን በአንድ ፍሬ የያዘውን ክኒን ነው የሚወስዱት።

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያ የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አንድ ጎልማሳ ታካሚዬ ቀጠሮ አያሳልፍም፤ «ሁሌም እወስዳለሁ» ይለኛል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ግን ከ1000 በላይ ሆኖ መጣ። ሳላስቀይመው እንዴት ላነጋግረው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ «ትወስዳለህ ወይ?» ብለው አይጠይቁት። ሌላ መልስ መስጠት ስለሚያሳፍር ሁሌም «አዎ» ነው የሚልዎት። ይልቅ «ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ያመልጠዋል፤ አንተን ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠህ?» ይበሉት። ከዚያ የትናንት ውሎውን ከማለዳ እስከ መኝታ ያስነግሩት፦ ስንት ሰዓት ተነሳ፣ የት በላ፣ ማን አብሮት ነበር፣ መድኃኒቱስ የት ተቀምጦ ነበር? የሚያመልጥበት ሰዓት ከወሬው መካከል ብቅ ይላል።

ፍሬ መቁጠርም ይረዳል። 90 ፍሬ ወስዶ በ75ኛው ቀን ቢመጣ በእጁ 15 መቅረት አለበት። 24 ከተገኘ 9 ቀን አምልጦታል፤ ከ75ቱ የዋጠው 66፣ ማለትም 88 በመቶውን ብቻ ነው። የሚፈለገው ቢያንስ 95 በመቶ ነው፤ በወር ከ1 ፍሬ በላይ አላመለጠውም ማለት ነው። ሆኖም ወቀሳ የሚፈራ ሰው ትርፉን ደፍቶ ይመጣልና ቆጠራውን ብቻ አይመኑ፤ ከመድኃኒት ክፍሉ መድኃኒት ከተቀበለባቸው ቀናት ጋር ያመሳክሩት።

መድኃኒት የሚያመልጥባቸው ምክንያቶች ብዙ ጊዜ ቀላል ናቸው፤ ካልተጠየቀ ግን የሚናገራቸው የለም። አንዱ መደበቅ ነው። በኪራይ ግቢ የሚኖር ሰው የክኒኑ ድምፅ እንዳይሰማበት ሲፈራ ጎረቤት የመጣ ቀን ሳይውጥ ያድራል። ዕቃው ውስጥ ከላይ ትንሽ ንጹሕ ጥጥ ቢያደርግበት ድምፁ ይጠፋል። ሌላው መጠጥ ነው። «ጠላ ወይም አረቄ ከቀመስኩ መድኃኒቱ ይጎዳኛል» ብሎ የሚዘል ብዙ ነው። መጠጥ ለጤናው አይበጅም፤ የዚያን ቀን ክኒን መዝለል ግን ሌላ ጉዳት መጨመር ነው። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ውጦ ይውጣ። እንቅልፍ የነሳው ካለም ማታ የሚወስደውን ወደ ጠዋት ማዛወር ይችላል። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ እንደሆነም ይጠይቁት፤ ሪፋምፒሲን ካለበት ክኒኑን ከዋጠ 12 ሰዓት ቆይቶ ተጨማሪ 50 ሚሊ ግራም ዶልቴግራቪር ያስፈልገዋል፤ ያችን ሁለተኛ ፍሬ የሚረሳ ደግሞ ብዙ ነው።

መድኃኒቱን ለመቀየር አይቸኩሉ። ቫይረሱ ዶልቴግራቪርን ተላምዶ መገኘቱ ብዙም አያጋጥምም፤ መጠኑ ከፍ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ክኒኑ ስላልተዋጠ ነው። በየወሩ እየቀጠሩ አንድ እንቅፋት ብቻ ይዘው ይፍቱ፤ ከ3 ወር በኋላ የቫይረስ መጠኑ ይደገም።

ጥያቄ፦ እናቴ መድኃኒቷን ጠዋት ነበር የምትወስደው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ትተወዋለች። ጨጓራዋንም ያማታል። አሁን ደግሞ ጸበል ልትገባ ነው፤ ታቋርጣለች ብዬ ሰግቻለሁ። (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ሰዓቱን ወደ ምሽት፣ ለምሳሌ ወደ 2 ሰዓት ያዛውሩላት፤ ይህ ሰዓት በጾምም በፍስክም አይለወጥም። ክኒኑ ምግብ የግድ አይፈልግም። ሲያዛውሩ ቀን እንዳይዘለል አሸጋገሩን ከመድኃኒት ባለሙያው ጋር ይነጋገሩበት።

ጨጓራው ላይ ይጠንቀቁ። የሚጠጣው ወይም የሚታኘከው የጨጓራ መድኃኒት አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ካለበት ዶልቴግራቪርን ሆድ ውስጥ ያስረውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ስለዚህ ክኒኑን ከእሱ 2 ሰዓት ቀድማ ወይም 6 ሰዓት ቆይታ ትዋጥ። ኦሜፕራዞል የተባለው የጨጓራ መድኃኒት ግን ይህ ችግር የለበትም። አይረን ወይም ካልሲየም የምትወስድ ከሆነም በባዶ ሆድ ያው የ2 እና የ6 ሰዓት ልዩነት ይጠበቅ፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ግን አንድ ላይ ይወሰዳሉ።

ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ ምእመናን ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። የንስሐ አባቷም ይህንኑ ቢነግሯት ከእርስዎ ቃል ይልቅ ያጽናናታል። ሱባኤዋ 14 ቀን ከሆነ 20 ፍሬ አስይዘው ይላኳት፤ መንገድ ሊዘገይ፣ ሱባኤውም ሊራዘም ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። አምና መድኃኒቱ አልቆበት ሳይወስድ ከረመ። ዘንድሮ ምን ላድርግ? (ከጭልጋ)

መልስ፦ ሳይሄድ አስቀድሞ ለሚከታተልበት ክፍል ይንገር። የቫይረስ መጠኑ ዝቅ ብሎ ጤናው የረጋ ከሆነ የ6 ወር መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበትን ካርድም ይያዝ፤ ቢጠፋበት ወይም ቢያልቅበት እዚያው ባለ ጤና ተቋም ለመጠየቅ ይረዳዋል።

መድኃኒቱን ለሁለት ከፍሎ በተለያየ ሻንጣ ይያዝ፤ አንዱ ቢሰረቅ ሌላው ይተርፋል። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መቆየት የለበትም፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ ይወጣልና ከላስቲክ ዳስ ጣሪያ ሥር አይሰቀል። በመጣበት ዕቃ ተከድኖ፣ በልብስ ተጠቅልሎ በጥላ ይቀመጥ። እርጥበት የምትመጠውን ትንሽ ከረጢትም ከውስጡ አያውጣት። የስልክ ደወል ባትሪ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል፤ ክኒኑ ከራት ጋር ቢያያዝ ይሻላል። ከረሳ እንዳስታወሰ ይዋጥ፤ ለቀጣዩ ፍሬ 4 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ከቀረው ግን ያለፈውን ይተው፤ ሁለት አንድ ላይ አይዋጥ።

ወባ ቢይዘው ኮአርተም ከዚህ ክኒን ጋር ይስማማል፤ አንዱን ለሌላው ብሎ እንዳያቋርጥ። ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ካለፈና በግራ በኩል ሆዱ ካበጠ ግን በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው ለካላዛር ይመርመር። በዚያ ቆላ በሽታው አለ፤ ኤችአይቪና ካላዛር ደግሞ አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። ሌሊት በአጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ግራር ሥር አይደር።