ለአዲስ እርባታ የትኛው ያበሻ ዶሮ ይሻላል? (መልስ)

ሰላም ወንድሜ፣ ወሊሶ አካባቢ መሬት አለኝ ያገራችንን ዝርያ ይዤ ልጀምር የቱን ልያዝ ላልከው፣ እኔን ከጠየቅከኝ ሆሮ የሚባለውን ዝርያ ያዝ። መጀመሪያ ግን ሂሳቡን አስበው፣ ያልተሻሻለ ያበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትሰጥህ ነው፣ እንቁላል ለሱቅ ላከፋፍል ካልክ ቦቫንስ ብራውን የሚባለውን የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ዶሮ ይዘህ ግባ፣ ያበሻውን እርሳው። ለበዓል የሚሸጥ ዶሮ፣ ራሷ አቅፋ የምትፈለፍል እናት ከፈለግክ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሆሮ የወለጋ ነው፣ ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ለዓመታት እየመረጠ ሲያሻሽለው ቆይቷል፣ ስለዚህ ስትገዛ የተሻሻለውን ብለህ ጠይቅ፣ ከገበያ የለቃቀመውን ሆሮ ነው ብሎ የሚሸጥልህ አይጠፋም። ቆላ ቢሆን ኖሮ አንገተ መላጣውን እልህ ነበር፣ ላባው ስለሚያንስ ሙቀት ይችላል (መልኩ ግን እንጃ 😄)።

ደግሞ ያበሻ ዶሮ በሽታ አይነካውም የሚሉህን እንዳትሰማ፣ ፈንግል ከገባ ያበሻ የፈረንጅ አይልም ጠዋት ስትከፍት ቆጡ ስር ተደፍተው ነው የምታገኛቸው። ጫጩቶቹን የፈንግል ክትባት ስጣቸው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢ ዋን የሚባለውን በዓይን ጠብታ፣ ቀጥሎ ላሶታ የሚባለውን በውሃ፣ ውሃው ክሎሪን ያለው የቧንቧ እንዳይሆን ክትባቱን ይገድለዋል፣ ከመስጠትህ በፊትም ሁለት ሰዓት ያህል አስጠማቸው አለዚያ አይጠጡልህም።

አውራውን ከሴቶቹ ጋር ካንድ ቤት አትግዛ፣ ከሌላ ሰፈር አምጣ፣ ለ10 ሴት አንድ ይበቃል። ቤቱን በሽቦ ድፈነው፣ ሽለምጥማጥ በትንሽ ቀዳዳ ነው የሚገባው።