ልጅዎ ኮሙኒኬሽን ብትማር ዕዳው ያዋጣል ወይ ላሉት አባት

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ ከጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ሌላ አልማርም ብላለች። እርስዎ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ምደባው ካልተመቻት ተበድረው በግል ኮሌጅ ሊያስተምሯት አስበው፣ ደመወዙ ዕዳውን ይከፍላል ወይ፣ ሒሳብ አያያዝ ብትማር አይሻልም ወይ ይላሉ። እኔ ይህንኑ ትምህርት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ እዚሁ ድሬዳዋ በሕዝብ ግንኙነት ሥራ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በዕዳ በኩል ዋጋ የከፈልኩ ሰው ስለሆንኩ ከዚያ ልጀምር።

ሁለት ዓይነት ዕዳ በአንድ ስም ጠርተዋል። የወጪ መጋራት ሌላ ነው፤ ለግል ኮሌጅ የሚበደሩት ገንዘብ ሌላ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ለመክፈል ውል ይፈርማል። የሚከፍለው ሥራ ሲይዝ ነው፤ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። ሥራ ያላገኘን ልጅ ማንም በር ላይ ቆሞ ክፈል አይለውም። እዚሁ ከተማ ተመድባ ከቤት እየተመላለሰች ብትማር ደግሞ ዕዳዋ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ውሉን ስትሞላ የማትጠቀምበትን አገልግሎት አብራ እንዳትፈርም ይንገሯት።

ቁጥሩን እንየው። በ11,500 ብር ደመወዝ ጀመረች እንበል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ባለው የገቢ ግብር ስሌት 2,100 ብር ለግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 805 ብር ለጡረታ ይሄዳል። ከቀረው 8,595 ብር ላይ የወጪ መጋራቱ፣ የሙሉ ደመወዟ 10 በመቶ ማለትም 1,150 ብር ሲነሳ እጇ የሚገባው 7,445 ብር ነው። ወላጆቿ ቤት ሆና ትኖርበታለች። ቤት ልከራይ ካለች ግን ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቃል። ይህንን ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩዋት፤ ልጆች ቁጥሩን ሲያዩ ይገባቸዋል።

እኔን የጎዳኝ ዕዳው ሳይከፈል መክረሙ ነው። የመጀመሪያ ቀጣሪዬ የግል ድርጅት ነበር፤ ግብርና ጡረታ ይቆርጣል፣ ወጪ መጋራት ግን አይቆርጥም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ደመወዜ ሙሉ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘሁና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ልጠይቅ ሄድኩ። የሬጅስትራሯ ሠራተኛ ፋይሌን አውጥታ ውሉን በመስኮቱ በኩል አሳየችኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያን ጊዜው የልጅ እጅ ጽሑፌ የፈረምኩት ነው። ጣቷን ከክፍያው ዓምድ ላይ አድርጋ «አንድም ብር አልገባም» አለችኝ። ዕዳው ሳይጠናቀቅ ትራንስክሪፕቱ አይወጣም። እናቴ የዕቁብ ተራዋን ከጓደኛዋ ለውጣ ገንዘቡን እስክታመጣልኝ ድረስ የማመልከቻው ቀን አለፈ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ልጅዎ ሥራ በያዘች በመጀመሪያው ወር ዕዳ እንዳለባት ራሷ ለቀጣሪዋ በጽሑፍ ታሳውቅ፤ የተቆረጠበትንም ማስረጃ በየወሩ ትያዝ።

የግል ኮሌጁን ብድር ግን እፈራዋለሁ። ወለዱ ሥራ እስክትይዝ አይጠብቅም፤ የሚከፍሉትም እርስዎ ነዎት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። በግልም በመንግሥትም የተማረ ሁሉ ይፈተናል፤ ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ፈተናውን ደግማ እስክታልፍ ድረስ ዕዳው በየወሩ ይከፈላል።

ስለ ገቢው ሲጽፉ አንድ ነገር ሳያነሱ አልፈዋል፤ ልጅዎ ስንት ቋንቋ ትችላለች? በእኛ አካባቢ በዚህ ሙያ ደመወዝን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ከምንም በላይ እርሱ ነው። የከተማችን መገናኛ ብዙኃን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሠራል፤ ሐረር ሲደርሱ ሐረሪኛም አለ። በምሥራቁ የሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶችም ገጠር ወርዶ ከሕዝቡ ጋር የሚነጋገር ሰው ይፈልጋሉ። እኔ አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ይዤ ተመረቅኩ። አንድ የሥራ ፈተና ላይ ስለ ውኃ መቆራረጥ የተጻፈ የአንድ ገጽ ዜና ሰጡንና በአፋን ኦሮሞ ጽፋችሁ ማይክሮፎን ላይ አንብቡ አሉን። የገበያ አፋን ኦሮሞ እችል ነበር፤ ቲማቲም ተከራክሬ እገዛበታለሁ። ዜና ግን ልጽፍበት አልቻልኩም፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቀረሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው የገንደ ቆሬ ልጅ በዲግሪ ውጤት ከእኔ ታንስ ነበር። ሦስቱንም ቋንቋ ከሰፈሯ ይዛ መጥታለች፤ ያለ ስርዝ ድልዝ ጽፋ፣ ረጋ ብላ አነበበችው። ሥራውን አገኘች፤ ይገባትም ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ በአፋን ኦሮሞ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ደመወዜ የተሻሻለውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሒሳብ አያያዝ የሥራ ማስታወቂያው ይበዛል፤ ተወዳዳሪውም ይበዛል። ልጅቱ ቁጥር የምትወድ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ተገዳ ከገባችበት ግን የመውጫ ፈተናው ላይ ይታወቃል። ደግሞም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል የሚመደበው ከመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች በኋላ፣ በምርጫና በውጤት ነው። አሁን የምትጨቃጨቁበትን ምርጫ ለመወሰን ገና ጊዜ አላችሁ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የደረሳትን የመንግሥት ምደባ፣ ሩቅም ቢሆን፣ እንድትቀበል አደርግ ነበር፤ ኮሙኒኬሽንም ብትመርጥ አልከለክላትም። ለግል ኮሌጅ ግን አልበደርም። እስከ ምዝገባው ባሉት ወራት ደግሞ ለኮሌጅ ከሚከፍሉት ጥቂቱን አውጥተው አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ መጻፍ የሚያስተምራት ሰው ይፈልጉላት።